«ይቅር ብያለሁ» ካልኩ በኋላ ቤቴን መጠየቅ ኃጢአት ነው?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 36 ነው። ኩዌት በሰው ቤት ሰባት ዓመት ሠርቼ የተመለስኩት ዓምና ነው። ቤት እንዲገዛልኝ ብዬ አብዛኛውን ደመወዜን ለታላቅ ወንድሜ እየላክሁ ኖሬያለሁ። ቤቱ ተገዝቷል፤ ግን በእሱ ስም ነው፤ አከራይቶት ኪራዩንም የሚበላው እሱ ነው። ስጠይቀው መጀመሪያ «ቆይ» አለኝ፤ ደግሜ ስጠይቀው «እናታችንን ስጦር የኖርኩት እኔ አይደለሁ?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ አንነጋገርም። የልጁ ክርስትና ላይም አልሄድኩም። እናቴ ታመዋል፤ «ሳልሞት ታረቁልኝ» ይላሉ። አንዲት የማኅበር እህቴ «አትፍረዱ ተብሏል፤ ለእግዚአብሔር ተይው» አለችኝ። የነፍስ አባቴ ደግሞ «ሳትታረቂ አትቁረቢ» አሉኝ። እኔ ይቅር ብዬዋለሁ እላለሁ፤ ሳየው ግን ደረቴ ይቃጠላል። ይቅር ካልኩ ገንዘቤን ተውኩ ማለት ነው? «ሌባ ነው» ብዬ ማሰቤስ መፍረድ ይሆንብኛል? ዘንድሮ ለፋሲካ መቁረብ እፈልጋለሁ። በዓሉን የምንውለው እናቴ ቤት ነው፤ እሱም አይቀርም። ምን ላድርግ?
ከአዲስ አበባ

መልስ

ውድ እህታችን፣

ስለ ገንዘቡ የጠየቅሽው በአጭሩ ይመለሳል። ይቅር ማለትሽ ቤትሽን አያስቀርብሽም። «ቤቱን በስሙ አድርጎታል፣ ኪራዩን ይበላል» ማለትም የሆነውን መናገር እንጂ መፍረድ አይደለም። ይህን ስንል ግን ደብዳቤሽ ውስጥ ፍርድ የለም ማለታችን አይደለም። አለ፤ ያለው አንቺ ከፈራሽው ቦታ አይደለም እንጂ። ወደ እሱ እንመጣለን።

መጀመሪያ ሰዎቹ የጠየቁሽን እንለይ። ሦስቱም «ይቅር በይ» ይበሉ እንጂ የፈለጉት ነገር ለየቅል ነው። እናትሽ የናፈቁት ልጆቻቸው በአንድ ትሪ ሲበሉ ማየት ነው፤ ይህ ዕርቅ ነው፣ ለዕርቅ ደግሞ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። የማኅበር እህትሽ የምትልሽ የቤቱን ነገር እርግፍ አድርገሽ እንድትተዪ ነው። የነፍስ አባትሽ የሚጠብቁት ደግሞ ቂም ይዘሽ ወደ ሥጋ ወደሙ እንዳትቀርቢ ነው። ከሦስቱ ወንድምሽ እሺ አለም እምቢ አለም ብቻሽን ልትጨርሺው የምትችይው የመጨረሻውን ብቻ ነው።

«ሳትታረቂ አትቁረቢ» ሲባል በአብዛኛው የሚጠቀሰው ማቴዎስ 5፥23-24 ነው። ቀስ ብለሽ አንብቢው፦ «መባህን በመሠዊያው ላይ ብታቀርብ፥ በዚያም ወንድምህ አንዳች በአንተ ላይ እንዳለው ብታስብ» ይላል። መባውን ትቶ እንዲሄድ የታዘዘው ወንድሙ የሚያዝንበት፣ ማለትም በዳዩ ነው። ይህ ጥቅስ በየቤተሰቡ ሁልጊዜ ተበዳይ ላይ ሲወረወር እንሰማለን፤ ለምን እንደሆነም ግልጽ ነው፤ ከሁለቱ በቀላሉ የሚለመነው ተበዳይ ስለሆነ። ለተበዳይ የተነገረው ማርቆስ 11፥25 ላይ ነው፦ «ለጸሎትም በቆማችሁ ጊዜ... በማንም ላይ አንዳች ቢኖርባችሁ ይቅር በሉት።» በቆማችሁበት ነው የሚለው። ወንድምሽ እዚያ መኖር የለበትም፣ ይቅርታ መጠየቅ የለበትም፣ ማወቅም የለበትም።

ስለ ዕዳው ደግሞ ማቴዎስ 18ን እንይ። አንዱ ባሪያ ለጌታው 10,000 መክሊት ዕዳ አለበት፤ ባልንጀራው ደግሞ ለእሱ 100 ዲናር። (አንቺ የምታውቂው የኩዌቱን ዲናር ነው፤ የወንጌሉ ዲናር ማቴዎስ 20 ላይ እንዳለው የአንድ ቀን ሠራተኛ የቀን ደመወዝ ነው።) አንድ መክሊት 6,000 ዲናር ያህል ስለነበር የመጀመሪያው ዕዳ 60 ሚሊዮን የሥራ ቀን ይሆናል፤ ማንም ኖሮ ሊከፍለው አይችልም። 100 ዲናር ግን በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ ሰው ወደ አራት ወር የሚጠጋ ድካም ነው። ጌታችን ተበዳዩን «ያንተማ ኢምንት ነው» አላለውም። ሰባት ዓመት ሙሉ በሰው ቤት ላብሽን ላፈሰስሽ ለአንቺ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ያ ባሪያ የተኮነነው ምን ስላደረገ ነው? የባልንጀራውን ጉሮሮ አነቀ፤ «ታገሠኝ፣ እከፍልሃለሁ» ብሎ ሲለምነው እምቢ አለ፤ አሳሰረው። ስለዚህ ጊዜ መስጠት፣ በየወሩ ተከፋፍሎ እንዲከፈል መስማማት፣ ጉሮሮ አለማነቅ በዚህ ምሳሌ ውስጥ የምሕረት ሥራ ናቸው። ጌታው ዕዳውን ጨርሶ መተዉንም አንደብቅሽም፤ ምሳሌው ወደዚያ ይጠራል፤ ቅዱስ ጳውሎስም በ1ኛ ቆሮንቶስ 6፥7 ላይ «ብትታለሉስ አይሻልምን?» ይላል። ይህን ልታደርጊ ትችያለሽ። ካደረግሽው ግን ያንቺ ስጦታ ይሁን፤ አስበሽበት፣ አቅምሽን አይተሽ፣ በፈቃድሽ። ዘመድ ተሰብስቦ ሲያስጨንቅሽ የምትለቂው ነገር ስጦታ አይባልም፤ ከስድስት ወር በኋላ ተመልሶ ቂም ይሆንብሻል። እዚያው ምዕራፍ ቁጥር 8 ላይ ሐዋርያው የሚቆጣው ወንድሞቻቸውን የሚበድሉትንና የሚያታልሉትን እንደሆነም ለሚመክሩሽ ሰዎች አስታውሽልን።

አሁን ወደ ፍርዱ። አንድ ወረቀት ወስደሽ መሐሉን በመስመር ክፈይው። በስተቀኝ ያደረገውን ብቻ ጻፊ፤ በዓይንሽ ያየሽውን ወይም ማስረጃ ያለሽን። «ከ2009 እስከ 2015 ዓ.ም. ይህን ያህል ላክሁ። ቤቱ በስሙ ተመዘገበ። ኪራዩን ይቀበላል። ሁለት ጊዜ ጠየቅሁት፣ እንዲህ እንዲህ ብሎ መለሰልኝ።» በስተግራ ደግሞ ለምን እንዳደረገው የምታስቢውን ጻፊ፤ ማንም ስለማያየው አትፈሪ። «ከመጀመሪያውም ሊያጭበረብረኝ አስቦ ነው። ሚስቱ ናት ያጣመመችው። እኔን እንደ እህት ሳይሆን እንደ ገረድ ነው የሚያየኝ። ፈሪሃ እግዚአብሔር የለውም።» እስክትጨርሺ ጻፊ። አብዛኛው ሰው ይህን ሲያደርግ የቀኙ አምስት መስመር ሳይሞላ የግራው ገጹን ጨርሶ ወደ ጀርባ ይዞራል።

«አትፍረዱ» የተባለው ስለ ግራው ነው። 1ኛ ቆሮንቶስ 4፥5 ጌታ እስኪመጣ ድረስ እንዳንፈርድ ሲከለክለን ምክንያቱንም ይነግረናል፤ የልብን ምክር የሚገልጠው እርሱ ነውና። የወንድምሽን ልብ አንቺ አላየሽም። ምናልባት መጀመሪያ በቅን ልቡና «ለጊዜው በስሜ ላድርገው፣ ስትመጣ አዞርላታለሁ» ብሎ ጀምሮ፣ ኪራዩ እጁ ሲገባ ለምዶት ይሆናል። ምናልባትም አንቺ እንደጠረጠርሽው ነው። ሁለቱም ይሆናል፤ ቀኙን ግን አንዱም አይለውጠውም። የሚገርመው ይህ ነው፤ ቤትሽን ለማስመለስ የግራው ገጽ አንድም ቀን አያስፈልግሽም። ሽማግሌም ሆነ ዳኛ የሚጠይቅሽ ቀኙን ነው። ደረትሽን የሚያቃጥለው ግን ግራው ነው። ስለዚህ የግራውን ቅደጂና ጣዪው፤ ወይም ለንስሐ ስትሄጂ ይዘሽው ሂጂና ለነፍስ አባትሽ ንገሪያቸው። የቀኙን በንጹሕ ወረቀት ገልብጪውና አስቀምጪው።

«ሌባ ነው» የሚለው ቃልሽም በዚሁ ይታያል። «ገንዘቤን ወስዷል» ስትይ ያደረገውን እየተናገርሽ ነው። «እሱኮ ሌባ ነው» ስትይ ግን ሰውየው ነገም ከዚህ ሌላ እንዳይሆን ፈርደሽበታል። ከዚህ በኋላ ቢመልስልሽ እንኳ «ፈርቶ ነው» እንጂ «ተጸጽቶ ነው» አትይም። ዘኬዎስ ቀራጭ ነበር፤ ሉቃስ 19 ላይ የበላውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ብሎ ሲነሣ ሕዝቡ ገና «ኃጢአተኛ» እያለ ያንጎራጉር ነበር።

የማኅበር እህትሽን በተመለከተ፣ ጉድፉንና ምሰሶውን ካነሣች እስከ መጨረሻው ታንብበው። ማቴዎስ 7፥5 «ከዚያም በኋላ ከወንድምህ ዓይን ጉድፉን ታወጣ ዘንድ አጥርተህ ታያለህ» ብሎ ነው የሚያበቃው። ጉድፉን ተወው አይልም፤ ተራውን ጠብቅ ነው የሚለው። የአንቺ ምሰሶ የትኛው ነው ካልሽን፣ ደብዳቤሽ ላይ በአንድ መስመር ያለፍሽው ነው፤ የልጁ ክርስትና። ሕፃኑ ቤት አልወሰደብሽም። እዚህ ላይ ወንድምሽ በአንቺ ላይ «አንዳች አለው»፤ ያ የማቴዎስ 5 ቃል በዚህ በኩል አንቺንም ይነካሻል። እሱ እስኪጠይቅሽ ሳትጠብቂ፣ ከቤቱ ጉዳይ ጋርም ሳታገናኚ፣ ለሕፃኑ አንድ ልብስ ይዘሽ ወይም ልከሽ «በክርስትናው ቀን መቅረቴ አግባብ አልነበረም» በዪ። «ግን አንተም...» አትጨምሪበት።

ስለ አባ ሙሴ ጸሊም የሚነገረውንም ሰምተሽ ይሆናል፤ በዓሉ ሰኔ 24 ነው። ሽፍታ የነበረ፣ በኋላ በአስቄጥስ የመነነ አባት ነው። አንድ ወንድም ስለበደለ መነኮሳቱ ተሰብስበው ጠሩት፤ እምቢ ብሎ ቆየ፤ ደግመው ሲልኩበት በሚያንጠባጥብ ዕቃ ውኃ ተሸክሞ መጣ። «ምንድን ነው?» ቢሉት «ኃጢአቴ ከኋላዬ ይንጠባጠባል፣ እኔ አላየውም፤ ዛሬ ግን በሌላው ጥፋት ልፈርድ መጣሁ» አላቸው። ይህን ታሪክ ቤቱን የሚጠይቅ ሰው ላይ ማንሣት አይገባም። የሚነካው ተሰብስቦ የሚፈርደውን ነው፤ ቡና ላይ «ያቺ ሚስቱ እኮ ናት» የሚሉትን አክስቶች፣ በቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ የድምፅ መልእክት የሚቀባበሉትን። አንቺም ከነሱ ጋር ገብተሽ ከሆነ ውጪ። ከዛሬ ጀምሮ ይህን ጉዳይ የምታወሪለት አንድ ሰው ብቻ ይኑርሽ፤ እሱም ወሬ የማያዞር።

ቃጠሎው ይቅርታሽን ውሸት ያደርገዋል ወይ ብለሻል። አያደርገውም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ማስታወስ ቂም አይደለም። ቂም ያለብሽ መሆኑን ማወቅ ከፈለግሽ ራስሽን እንዲህ ጠይቂ፦ ተከራዩ ጥሎ ቢወጣበት፣ ልጁ ቢታመም፣ በሰው ፊት ቢዋረድ ውስጤ ደስ ይለዋል? መልሱ «አዎ፣ ትንሽ» ከሆነ ቂም አለ፤ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» የተባለው ለዚህ ነው። መልሱ «አይ፣ ቤቴን ብቻ ነው የምፈልገው» ከሆነ ያለብሽ ቁስል ነው፤ ቁስል ጊዜ ይፈልጋል። ጴጥሮስ ስንት ጊዜ ይቅር ልበል ብሎ ሲጠይቅ «ሰባ ጊዜ ሰባት» መባሉም ለአዲስ በደል ብቻ አይመስለንም፤ ያው አንዱ በደል ሌሊት ትዝ ባለ ቁጥር ይቅርታው መታደስ አለበት።

የሚሠራ ልማድ እንስጥሽ። በዘወትር ጸሎትሽ «በደላችንን ይቅር በለን» የሚለው ጋ ስትደርሺ ቆም በዪና ወንድምሽን በክርስትና ስሙ ጥሪው፤ ከዚያ «ለእኔ የምለምንህን ለእርሱም ስጠው» በዪ፤ ሌላ አትጨምሪ። «አምላኬ ሆይ፣ ልብ ስጠው፣ ጥፋቱን አሳየው» የሚለው ጸሎት ይመስላል እንጂ ለእግዚአብሔር የቀረበ ክስ ነው፤ ስትጨርሺው ከመጀመሪያው የባሰ ነድደሽ ትነሻለሽ። ቤተ ክርስቲያንም ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ በአምኃ ቅድሳት» ብሎ ሰላም ተባባሉ ሲል ከጎንሽ ካሉት ጋር እጅ ስትነሺ እሱንም በልብሽ አስቢው። ምሬቱ የጸና ቀን ደግሞ መዝሙረ ዳዊት 54ን (በሌላው አቆጣጠር 55) ድገሚ፤ «ጠላትስ ቢሰድበኝ፥ በታገሥሁ ነበር» የሚለው በቅርብ ሰው የተከዳ ሰው ለቅሶ ነው። ማልቀስ አልተከለከለም። በማንም ፊት የሌለሽን ፈገግታ ማሳየትም ግዴታሽ አይደለም።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ነው፤ ቅደም ተከተሉም ማቴዎስ 18፥15-17 ላይ ተቀምጧል፤ መጀመሪያ ብቻችሁን፣ ካልሰማሽ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዘሽ፣ ከዚያ ለቤተ ክርስቲያን። ብዙ ቤተሰብ የሚያበላሸው የመጀመሪያውን ዘሎ ስለሚጀምር ነው። ወንድም ክሱን ከአክስቱ ከሰማው አይጸጸትም፤ ይታጠቃል። (በመካከላችሁ ዱላ ወይም ዛቻ ካለ ግን ብቻሽን አትሂጂ፤ በቀጥታ ከሁለተኛው ጀምሪ።)

ብቻችሁን ስትገናኙ ስልክ አይሁን፣ የእናትሽ አልጋ አጠገብ አይሁን፣ የበዓል ቀንም አይሁን። ቀን ቀጥረሽው፣ ሚስቱም ልጆቹም በሌሉበት፣ ለአንድ ሰዓት ያህል። የቀኙን ወረቀት ይዘሽ ሂጂ፤ የላክሽባቸውን ደረሰኞች፣ ከባንክ የምታወጪውን የሒሳብ ዝርዝርም ጨምሪ። ንግግርሽ አጭር ይሁን፦ «ጋሼ፣ ከዚህ ዓመት እስከዚህ ዓመት ለቤት ብዬ ይህን ያህል ልኬያለሁ። ቤቱ በስምህ ነው። በዚህ አዝኛለሁ፣ ግን ልጣላህ አልመጣሁም። ወይ ስሙን እናዛውር፣ ወይ ገንዘቡን በየወሩ የምትመልስበትን እንነጋገር።» ከዚያ ዝም በዪ። ይህ ዝምታ ከባድ ነው፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ጸጥታውን ሊሞላ ብሎ የግራውን ገጽ ማንበብ ይጀምራል። «ሁልጊዜም አንተ...» ብለሽ ከጀመርሽ ነገሩ አለቀ፤ ከዚያ በኋላ የሚወራው ስለ ጠባይ እንጂ ስለ ቤት አይሆንም።

«እናታችንን ስጦር ኖሬያለሁ» ማለቱ አይቀርም። አትከራከሪው፤ «እውነት ነው፣ እሱንም እንቁጠረው» በዪ። ይህን የምንልሽ እንዲሁ ለማባበል አይደለም። ሰባት ዓመት ሙሉ መድኃኒቱን፣ ሐኪም ቤቱን፣ አስቤዛውን የቻለው እሱ ከሆነ ግማሹ ያንቺ ድርሻ ነበር፤ እናትነታቸው ለሁለታችሁም ነውና። «ያወጣኸው ይጻፍ፣ ለሁለት ይካፈል፣ ግማሹ ካለብህ ዕዳ ይቀነስ» በዪው። ምናልባት ከጠበቅሽው በላይ ይሆናል፤ ምናልባት ከኪራዩ የአንድ ዓመት ገቢ አይበልጥም። ሳይቆጠር የቀረ ውለታ ግን ዕድሜ ልኩን ሰበብ ሆኖ ይኖራል።

እምቢ ካለ ወደ ሽማግሌ። ቅዱስ ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 6 አማኞች በማያምኑት ፊት መካሰሳቸውን ሲነቅፍ «ታዲያ ዝም በሉ» አላለም፤ በወንድሞች መካከል የሚዳኝ አንድ አስተዋይ ሰው የለምን ብሎ ነው የጠየቀ። ሦስት ሰው ይበቃል፤ አንድ አንቺ፣ አንድ እሱ፣ ሦስተኛውን ሁለታችሁ ተስማምታችሁ የምትመርጡት። ከእሱ የተበደረ፣ የሚስቱ ዘመድ፣ ወይም አንቺ የምትረጂው ሰው አይግባ። እናትሽን አታስገቧቸው፤ ታማሚ እናት በልጆቻቸው መካከል እንዲዳኙ ማድረግ ጭካኔ ነው። የነፍስ አባታችሁ አንድ ከሆኑ እሳቸውም ሽማግሌ ባይሆኑ ይሻላል፤ በንስሐ የሰሙትን አውጥተው መናገር አይችሉም፣ አለመናገራቸው ደግሞ አንዳችሁን ያስቀይማል።

የሽማግሌ ትልቁ ድካም ምን መሰለሽ? ችኮላ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ «በሉ ተነሡ፣ ይቅር ለእግዚአብሔር ተባባሉ፣ ተሳሳሙ» ይባላል፤ ሁሉም ያለቅሳል፣ ይመረቃል፣ ቡና ይፈላል፤ ቤቱ እዚያው በስሙ ይቀራል። በሚቀጥለው ወር ብትጠይቂ «ታርቃችሁ የለም እንዴ?» ትባያለሽ፤ አሁን ጥፋተኛዋ አንቺ ሆንሽ። ይህ እንዳይመጣ ሽማግሌዎቹን አስቀድመሽ ንገሪያቸው፦ «አባቶቼ፣ የቤቱ ነገር በጽሑፍ ሲያልቅ ለታላቄ ተነሥቼ ጉልበቱን እስማለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን አታስነሡኝ።» ነውር አይደለም።

ጽሑፉ ላይ የገንዘቡ ልክ፣ የሚከፈልበት ቀን፣ በወር ስንት እንደሆነ፣ ካልተከፈለ ምን እንደሚሆን ይግባ፤ ሁለታችሁም ፈርሙ፣ ሁለት ምስክሮችም ይፈርሙ። ስም ማዛወር ከሆነ የሽማግሌ ወረቀት ብቻ አይበቃም፤ ውልና ማስረጃ መቅረብ ያስፈልጋል። ስለ ሕጉ ሁለት ነገር ብቻ እንጠቁምሽ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም ፍርድ ቤት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ካልሆነ አይረጋገጥም ይላል፤ ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ገንዘቡ ለምን እንደተላከ በትክክል ይጻፍ፤ «ብድር» ብለው እንዳያልፉት። ሁለተኛው ይርጋ ነው፤ መብትን በፍርድ ቤት ለመጠየቅ የተወሰነው የጊዜ ገደብ ማለት ነው። ለውል ጥያቄ መደበኛው ጊዜ አሥር ዓመት ነው፤ ወንድምሽ ዕዳውን አምኖ ከፈረመ ወይም ከከፈለ ግን ቆጠራው እንደገና ይጀምራል። «እስቲ እግዚአብሔር ያውቃል» እያሉ ዓመታት ማሳለፍ መንፈሳዊነት እየመሰላቸው መብታቸው ያለፈባቸው ብዙ ናቸው። ሽማግሌው ካልሆነ ጠበቃ አማክሪ። ቅዱስ ጳውሎስም በሐዋርያት ሥራ 25 ወደ ቄሣር ይግባኝ ብሏል፤ ፍርድ ቤት መቆም ብቻውን በቀል አይደለም።

አንድ ነገር ግን አትቀላቅዪ፤ ዕርቁ ቢያልቅም በእሱ ላይ የነበረሽ እምነት ያን ቀን አይመለስም፤ መመለስም የለበትም። ዮሴፍን ተመልከቺ። ወንድሞቹ እህል ሊሸምቱ ሲመጡ ብራቸውን በየስልቻቸው መለሰላቸው፤ መልካም አደረገላቸው፤ ማንነቱን ግን አልነገራቸውም። ጽዋውን በብንያም ስልቻ አስደብቆ ፈተናቸው፤ ያንኑ ድሮ የወደቁበትን ፈተና፣ የራሔልን ልጅ ጥለው ይሄዱ እንደሆነ። ይሁዳ «በእርሱ ፈንታ እኔ ልቅር» ሲል ነው ዮሴፍ አልቅሶ የተገለጠላቸው። የአንቺም ወንድም የወደቀው በገንዘብ ነውና ታማኝነቱ የሚፈተነው በገንዘብ ነው፤ በየወሩ በቀኑ የሚከፍል ከሆነ ከዓመት በኋላ ሌላ ሰው ታያለሽ። እስከዚያው ሌላ ገንዘብ፣ ሌላ ውክልና እጁ ላይ አታድርጊ። ይህን ማድረግሽን ለማንም ማስረዳት አይጠበቅብሽም።

አሁን ወደ ቁርባኑ። የነፍስ አባትሽን አልፈሽ ሌላ አባት ጋ ሄደሽ መቁረብ አንመክርሽም። ይልቅ ከቅዳሴ ወጥተው ሲቸኩሉ ሳይሆን ቀጠሮ ይዘሽ ሁሉንም ንገሪያቸው፤ ምን እንደሆነ፣ በጸሎት ይቅር ማለትሽን፣ ለዕርቅ መጠየቅሽንና የሰጠሽን መልስ፣ የክርስትናውንም ጉዳይ። ሮሜ 12፥18 «ቢቻላችሁስ በእናንተ በኩል» ይላል፤ አባትሽ የሚያዩት በአንቺ በኩል ያለው መጨረሱን ነው። ስግደትም ሆነ ሌላ ቀኖና ቢሰጡሽ ለአንቺ ኃጢአት እንጂ ለእሱ እንዳልሆነ አውቀሽ ፈጽሚው።

ደብዳቤሽ የደረሰን በጾሙ መግቢያ ስለሆነ ጊዜ አለሽ፤ 55ቱ ቀን ግን ሳይታወቅ ያልቃል። ብቻችሁን የምትነጋገሩት ከጾሙ አምስተኛ እሑድ ከደብረ ዘይት በፊት ይሁን፤ ሽማግሌ ካስፈለገ እስከ ሰባተኛው እሑድ እስከ ኒቆዲሞስ ይቀመጡ፤ ንስሐሽን ከሆሳዕና በፊት ጨርሺ። በሰሙነ ሕማማት መስቀል መሳለም የለም፣ ፍትሐት የለም፣ የይሁዳን ሰላምታ በማሰብ ምእመናንም እርስ በርስ አይሳሳሙም። «ስቅለት ዕለት እታረቃለሁ» ብሎ መቅጠር የሚያዋጣ አይደለም።

ፋሲካን እናትሽ ቤት ሂጂ። እሱ ቢኖርም ቀድመሽ «እንኳን አደረሰህ» በዪው፤ መሳም ካልቻልሽ እጅ ንሺ። አጠገቡ መቀመጥ ግዴታ አይደለም፤ ልጁን ግን እቀፊው። ስለ ቤቱ አንቺ አታንሺ። ሌላ ሰው፣ በተለይ ከጠላው ወይም ከጠጁ በኋላ፣ «ታዲያ የቤቱ ነገር እንዴት ሆነ?» ካለ «እሱን ከሽማግሌዎቹ ጋር ቀጠሮ አለን» በዪና ወጥ ለማሞቅ ተነሺ።